የወደቀችው ስፒል

በእንስሳት ሕክምና ፈተናው ላይ ኮልተን ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን የተቆረጠ የፈረስ እግር ለማየት ጎንበስ ሲል፣ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው መታወቂያ የሚጠየቀውን ክፍል የምታመለክተውን ስፒል ይመታታል። ስፒሏ ጠረጴዛው ላይ ትወድቃለች። ልጁ ዙሪያውን ቃኘት አድርጎ ያነሳትና የፈረሱ እግር ላይ መልሶ ይሰካታል። ነርቩ ላይ የነበረችው ስፒል አሁን ያለችው ደም ቅዳው ላይ ነው።

ፈታኟ ዶክተር ዊልማ ሁሉንም አይታለች። እጅ ወደ ኋላ፣ ናሙና አይነካም፣ የነካ ከፈተናው ይወጣል። ሕጉን ያወጣችው ራሷ ናት፤ ያኔ ጉልበቷን አያማትም ነበር።

ኮልተን ዓመቱን እየደገመ ነው። ዛሬ ካላለፈ የእንስሳት ሐኪም መሆኑ ቀርቶ ሳስካችዋን ወዳለው የአባቱ የከብት እርባታ ይመለሳል። እሷ ዝም ካለች ደግሞ ከኋላው ያሉት ሁሉ ስፒሏን አምነው ይሳሳታሉ። ደክሟታል። ከጠዋት ጀምሮ ቆማለች፣ ናሙናዎቹ እንዳይበሰብሱ የተነከሩበት ፎርማሊን ጉሮሮዋን ከርክሮታል። ምነው ባላየሁ፣ ትላለች በልቧ።

ደወሉ ይደወላል። ሁሉም ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ይራመዳል፤ ኮልተን ግን ንቅንቅ አይልም።

"ሂድ እንጂ አንተ!" ትለዋለች ተራዋ የደረሰው ሃርሊን በሹክሹክታ። "እግሩን ልታገባው ነው እንዴ?"

"ዶክተር፣" ይላል ኮልተን ጮክ ብሎ። "ስፒሏን ጥያት ነበር። መልሼ የሰካኋት እኔ ነኝ።"

የሁሉም እርሳስ ይቆማል። ዶክተር ዊልማ እያነከሰች ትጠጋለች።

"የት ነበረች?"

"አላውቅም።" እስከ ጆሮው ድረስ ይቀላል። "ባውቅማ ቦታዋ መልሻት ዝም እል ነበር።"

አንድ ሁለቱ ይስቃሉ። ዶክተር ዊልማን ግን ልጁ አንጀቷን ይበላታል።

"ልውጣ?" ይላል፣ ወረቀቱን እያጠፈ።

"ማን ውጣ አለህ? ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙር።" ስፒሏን ነቅላ ነርቩ ላይ ትሰካታለች። "በል ና። አንድ ደቂቃ አለህ። ሌሎቻችሁ ባላችሁበት ጠብቁ።"

"ዶክተር፣ ሕጉስ?" ይላል አንዱ ከወዲያ።

"ሕጉም ደክሞታል።"

ኮልተን እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ይጎነበሳል። ነርቩ፣ ደም ቅዳው፣ ደም መልሱ ጎን ለጎን ወርደዋል፤ ሦስቱም ደርቀው አንድ ዓይነት ቡናማ ሆነዋል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እርሳሱን ወረቀቱ ላይ ያሳርፍና መልሶ ያነሳዋል። ዶክተር ዊልማ መልሱን ልትነግረው ምንም አልቀራት፤ ዞር ብላ ሰዓቷን ታያለች።

ደወሉ ይደወላል። ኮልተን የመልሱን መስመር ባዶውን ትቶ ያልፋል።

ሃርሊን እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ጠጋ ትላለች። አንዴ ታያለች፣ ወዲያው "ነርቭ" ብላ ትጽፋለች።