የመጀመሪያው ጥያቄ

በ2005 ዓ.ም. ጥር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጭሮ ውስጥ በአንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የተቀመጡት ከበደችና ልጇ ፌኔት፣ ረዲያና ልጇ ሙሜ፣ ስለ ኦቲዝም ሊያጠና የመጣው ይልቃልም ነበሩ።

«ጥያቄውን ራሳቸው የሚመልሱት እስከ መጨረሻው አብረውን ያጠናሉ» ብሏል ይልቃል። «ለሌሎቹ የወላጅ ቃል ወስደን እንጨርሳለን።»

ከበደች ይህን ከሰማች ጀምሮ ዓይኗን ከልጇ ላይ አላነሣችም። ሙሜ ራሱ ስለመለሰ ተመርጧል። ፌኔት ግን፣ ትልቅ ወጣት ሆና ሳለ፣ የሻርፗን ጫፍ ትጠቀልላለች፤ መልሳ ትፈታለች።

«ፌኔት፣ ትምህርት ቤት ለምን ተውሽ?» አላት ይልቃል።

ፌኔት ሻርፗን ጠቀለለች።

«አሟት ነው» አለች ከበደች።

«እማማ፣ እሷ ትመልስ።» ይልቃል ትንሽ ጠበቀና አለፈ። «እሺ፣ ምን መሥራት ትወጃለሽ?»

ፌኔት ሻርፗን ፈታች።

«የእኔ ሳይጠየቅ ይመልሳል፣ ያንቺ ተጠይቃም አትመልስ» አለች ረዲያ። «ወላሂ፣ ቀላቅለን ብናካፍላቸው!»

ከበደች ልትሥቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

«ዛሬ እዚህ ማን አመጣሽ?» አለ ይልቃል።

ይኼማ ቀላል ነው። «እማዬ በይ! ጌታ ሆይ፣ እማዬ አሰኛት» አለች ከበደች በልቧ።

«ደወሉ» አለች ፌኔት።

«ደወል አመጣት!» ሙሜ በሣቅ ፈረሰ። ይልቃል አቀርቅሮ መጻፍ ጀመረ። ራሷ አትመልስም ብሎ እንደሚጽፍ ለከበደች ገባት፤ ልጇን ልታስነሣ ክንዷን ያዘች።

«ይጮኻል» አለች ፌኔት። «መስኮቴ ጋ።»

ከበደች እጇ ባለበት ቀረ። ትምህርት ቤቱ ዛፍ ላይ እንደ ደወል የተንጠለጠለው የመኪና ቸርኬ ትዝ አላት፤ በብረት ሲመታ ፌኔት የምትማርበትን የሦስተኛ ክፍል ግድግዳ ያንቀጠቅጥ ነበር። ልጅቷ በተደወለ ቁጥር ጆሮዋን ይዛ ስትጮኽ፣ አሟታል ተብሎ ቤት ዋለች፤ በዚያው ቀረች።

«የመጀመሪያውን ነው!» ከበደች የልጇን ክንድ ለቀቀች። «ልጄ የመጀመሪያውን ጥያቄ ነው የመለሰችው። እኛ ነን ጥለናት የሄድነው።»

ይልቃል እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ይቅርታ፣ ፌኔት» አለ። ቆየት ብሎም በዝግታ፣ «ምን መሥራት ትወጃለሽ?»

ረዲያ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ሙሜ በሁለት እጁ አፉን ያዘ። ከበደችም የራሷን።

የዚያን ዕለት ሌላ ጥያቄ አልተጠየቀም። ፌኔት ጊዜ ወስዳ ራሷ መለሰች፤ እሷም ተመረጠች፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም ከይልቃል ጋር ተቀምጣ የጥናቱን ጥያቄዎች ማዘጋጀት ጀመረች።