የቀዘቀዘው ሾርባ

የእማዬ የሆስፒታል አልጋ ሕመሟ ሊብስ ስድስት ሰዓት ሲቀረው ያውቃል። ለሐኪሞቹና ለእኔ ይደውላል፤ ለእሷ ግን መደወሉ አይነገራትም፣ ድንጋጤ ያባብሰዋል ተብሎ። እንዳትጠረጥር በየቀኑ ልክ በምሳ ሰዓት የአጃ ሾርባ ይዤላት እገባለሁ።

ዛሬ ጠዋት ተደወለልኝ። ሾርባውን ይዤ በረርኩ። ሐኪሞቹ መሣሪያቸውን አዘጋጅተው ከበሩ ውጭ ቆመዋል። እኔም ምሳ እስኪደርስ አራት ሰዓት ሙሉ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ስገባ ቀመሰችና፣ “ቀዝቅዟል” አለች።

“መንገዱ ተዘጋግቶ ነው።”

“ቤታችን እኮ ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ነው።” ማንኪያውን አስቀመጠች። “አልጋው ደወለልሽ አይደል?”

አንገቴን ደፋሁ።

እጄን ያዘች። “ምነው ልጄ፣ እኔ እዚህ ብቻዬን፣ አንቺ እዚያ ብቻሽን? አብረን ብንፈራ ምን ነበረበት?”