በመድፍ ላይ የታሰረው ሰላይ

የእንግሊዝ ንጉሥ ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ገጥመው ነበር። የነሐስ መድፍ ውድነት ገንዘባቸውን ስለጨረሰው፣ በሳሴክስ አውራጃ ጫካ ያለው የጊላም የብረት ማቅለጫ በተራ ብረት መድፍ እንዲሠራ ታዘዘ።

ሰባት መድፍ ተሞከረ፤ ሰባቱም ፈነዱ። ሰባተኛው የቄሱን አሳማ ገደለ። ቄሱ የእሑዱን ስብከት በሙሉ ስለ አሳማው አደረጉት። ከሠራተኞቹ አንድም ስብከቱ የገባው አልነበረም። አምብሮዝ የሚባለው ከሰል አመላላሽ ብቻ ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

«የስምንተኛውን ቅርጽ አፉን ወደ ሰማይ አቁመን የቀለጠውን ብረት እንቅዳበት» አለ ጊላም። «ከላይ አንድ ክንድ ትርፍ ብረት እንጨምርለት። ቆሻሻው ወደ ትርፉ ይወጣል፤ ያን ቆርጠን እንጥላለን።»

ስምንተኛው መድፍ እንዲሁ ተሠርቶ ባለቀ ማግስት አምብሮዝ ቅርጹን በወረቀት ሲስል ተያዘ።

«ጌታው፣ ሰላይ ነው!» አለ ቅርጽ ሠሪው ቲፔን። «ቋንቋችንን እንደ ትኩስ ገንፎ በአፉ ያገላብጠዋል። ስንቀልድ እንኳ የሚስቀው ሁላችን ስቀን ከጨረስን በኋላ ነው!»

ጊላም ወረቀቱን ነጠቀው። ምስጢሩ ባሕር ከተሻገረ የሁሉም አንገት ገመድ ይገባል።

«ለማን ነው የምትጽፈው አንተ?»

«ለ... ለንጉሥ» አለ አምብሮዝ እየተንተባተበ።

«ይኸው አመነ!» ጮኸ ቲፔን። «መድፉንም አበላሽቶት ይሆናል። ከራሱ ከመድፉ ጋር ይታሰር፤ ከፈነዳ አብሮት ይፍነዳ!»

ፍርዱ ለሁሉም ትክክል መሰላቸው። አምብሮዝን ከስምንተኛው መድፍ ጎን ጠፍረው፣ እንዳይጮህ አፉን በጨርቅ ወትፈው፣ ሸራ ጣሉበት።

በነጋው የንጉሡ ሹም መጣ። ሁሉም ከአፈር ክምር ኋላ ተደበቁ። ጊላም አማተበና የመድፉን መተኮሻ ክር ለኮሰ።

ምድር ተናወጠች። አረሩ ሦስት ዛፍ ጥሎ አለፈ። መድፉ ግን ስንጥቅ እንኳ አልወጣበትም። ቲፔን ጊላምን ተሸክሞ ጨፈረ።

ጭሱ ሲገፈፍ ሸራው ይንፈራገጥ ጀመር።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ሹሙ።

«ሰላይ ነው ጌታዬ» አለ ጊላም ደረቱን ነፍቶ። «እኛው ያዝነው።» ወረቀቱንም ሰጠው።

ሹሙ ሸራውን ገለጠ። ሰውዬውን አየ፤ ወረቀቱን አየ፤ ከዚያ የተሰለፉትን ሠራተኞች አንድ በአንድ አየ።

«እናንተ ከባሕር ማዶ የቀጠርናችሁ ፈረንሳዮች» አለ፣ «ሥራውን ተማርልኝ ብለው ንጉሣችን የላኩትን፣ በዚህ ማቅለጫ ያለውን አንድ እንግሊዛዊ ነው እኮ ያሰራችሁት።»