የበሩ ጭረቶች

አዛውንቱ ሹፌር የሚነዷትን መኪና ይዘው ሦስት ፖሊሽ ቤት ዞሩ። የመጀመሪያው ባለሙያ፣ «ጋሼ፣ በሩ የቁልፉ ቀዳዳ አጠገብ ብቻ እንዲህ የተጫጫረው ምን ነክቶት ነው?» ቢላቸው ጥለውት ሄዱ። ሁለተኛውም ያንኑ ጠየቀ። ሦስተኛው ግን ምንም ሳይጠይቅ፣ «እንደ መስታወት አድርጌ እሰጥዎታለሁ» አለ፤ እሱን መረጡ። የመኪናዋ ባለቤት ነገ ከክፍለ ሀገር ይመለሳሉ። ጭረቶቹን ካዩ የሹፌሩ የሃያ ዓመት እንጀራ ተቆረጠ ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ ሹፌሩ መኪናዋን ሊወስዱ ተመልሰው መጡ።

«ይኸው ጋሼ፣ ፊትዎን ይዩበት!» አለ ባለሙያው እየሳቀ።

ጎንበስ ብለው በሩን በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ልስልስ ብሏል። «እጅህ ይባረክ» አሉና ቁልፋቸውን አወጡ። ከዚያም ቀዳዳውን እስኪያገኙ ድረስ የቁልፉን ጫፍ በሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ጎተቱት።

የባለሙያው ሳቅ ቀጥ አለ።