የሳሙና ቤቱ መስኮት

«ዓይንሽን ክፈቺ፣ እህቴ፤ ትንሽ ቻይው» ትላለች ዘይና። በአንድ እጇ የረቢአን ጭንቅላት ደግፋ በሌላው ውሃ ታፈስላታለች። መስኮት በሌለው የሳሙና ቤት ውስጥ ለሳሙናው የሚገባው ኮስቲክ ሶዳ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ፈልቶ፣ ተኑ ጎንበስ ብላ ስታማስል በነበረችው በረቢአ ፊት ላይ ወጥቶባታል።

በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይልኳታል። የሳሙና ቤቱ ባለቤት ሀጂ ሸረፈዲን ባጃጁ እስኪርቅ ቆመው ይጠብቃሉ። «አላህ ያሽራት። በሉ ግቡ፤ ነገ የሰንበቴ ከተማ ገበያ ነው።»

ዘይና ደጃፉ ላይ ትቀመጣለች። ከርሟል ጉሮሮዋን ሲከረክራት፤ ስትሰግድ እንኳ ሳሉ ያቋርጣታል።

«መስኮት ካልተከፈተ አልገባም፣ ሀጂ።»

ሌሎቹም ሠራተኛ ሴቶች አንድ በአንድ አጠገቧ ይቀመጣሉ። ሀጂ የዘይናን ባል ያስጠራሉ። አብዱልጀሊል ግንበኛ ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ከሚሠራው ቤት፣ ሲሚንቶ እንደለበሰ ይመጣል።

«ሚስትህን ምከራት፤ እንጀራዋን ልታጣ ነው» ይሉታል።

እሱ ሚስቱ ፊት ቁጢጥ ይላል። «ምን ሆነሻል?»

«ረቢአ ዓይኗ ሊጠፋ ነበር። መስኮት ካልተከፈተ ነገ ደግሞ ሌላዋ ናት።» ድምጿ ይሻክራል እንጂ አይንቀጠቀጥም።

ተነሥቶ ይሄዳል። የተቆጣ መስሏት አንገቷን ትደፋለች። ሲመለስ ግን መዶሻና መሮ ይዟል።

«የቱ ጋ ይሁን?» ይላታል።

ተነሥታ ገባ ትልና ከበርሜሉ ጀርባ ያለውን ግድግዳ ታሳየዋለች።

«ግድግዳው እኮ የኔ ነው» ይላሉ ሀጂ።

«ሳንባው ደግሞ የኛ ነው» ትላለች ዘይና።

ሀጂ ሊከለክሉ ወደ ውስጥ ይራመዳሉ። ሁለቴ እንኳ ሳይተነፍሱ ሳል ያጣድፋቸዋል፤ በጥምጣማቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ይዘው ይወጣሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ደጅ ላይ ጥቂት ቆመው፣ «አንድ አይበቃም» ይላሉ ቀስ ብለው። «በወዲያኛውም በኩል ክፈት።»

አብዱልጀሊል መምታት ይጀምራል። ግድግዳው ሲበሳ፣ በውጭ በኩል በመንገዱ የሚያልፍ ሽማግሌ ቆም ብሎ በቀዳዳው ያየዋል። «ማን ነህ አንተ፣ የሰው ቤት የምታፈርስ?»

አብዱልጀሊል መዶሻውን እንዳነሣ ፈገግ ይላል።

«የዘይና ባል ነኝ።»

ዘይና ሰምታዋለች። ሻሿን አስተካክላ ወደ ቀዳዳው ትጠጋለች፤ ከጨፋ ሜዳ የሚመጣው ነፋስ ፊቷን ይነካታል።