ማን ያበላልኛል

ካርሲዲ ሞላሰሱን በሞቀ ውሃ በጥብጦ ገንዳው ውስጥ በቀስታ ያንቆረቁራል። የኢድ ጠዋት ነው። ባቲክ የሚባለው ባለጌጥ ጨርቅ ማቅለሚያ ሠራተኞች በሙሉ ወደየዘመዶቻቸው ሄደው፣ ግቢው ውስጥ እሱና ገንዳው ብቻ ቀርተዋል።

ገንዳው ውስጥ በተንጠለጠለው የኮኮናት ቃጫ ላይ ባክቴሪያዎች ተጣብቀው፣ ተባዝተው፣ እጅ የሚያሟልጭ ዝልግልግ ሆነዋል። የጨርቁን ቀለም እጣቢ የሚበሉት እነሱ ናቸው። በአንድ በኩል ደም የመሰለው ይገባል፤ በሌላው በኩል ቀጭን ሻይ የመሰለ ውሃ ወጥቶ ወደ ቦዩ ይወርዳል።

«ብሉ እንግዲህ፤ በዓል ነው» አላቸው። ሰው ያጣ ሰው ከምን ጋር አያወራም!

በሩ ላይ ሞተር ሳይክል ቆመ። ገንዳውን የሠራችው የዩኒቨርሲቲዋ ልጅ ወኒንግ ናት፤ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ በዘንባባ ቅጠል የተቋጠረ ሩዝ ይዛለች። በኢድ ታናሽ ወደ ታላቁ ሄዶ ይቅርታ ይጠይቃልና ጎንበስ ብላ እጁን ግንባሯ ላይ አስነካች።

«አባባ፣ ያስቀየምኩዎት ነገር ካለ ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ይበልሽ ልጄ።»

«ግን እዚህ ምን ይሠራሉ? ልጅዎ ጋ አልሄዱም እንዴ?»

«እነዚህን ማን ያበላልኛል?»

ወኒንግ ሳቀች። «አባባ ደግሞ! ሁለት ሳምንት ባይበሉ ምንም አይሆኑም አላልኩም? ቃጫው ከረጠበ ይተኛሉ፤ ቀለሙ ሲመጣ ይነቃሉ። በሁላችሁም ፊት ነው የተናገርኩት።»

«እርጅና ነው፤ ጆሮዬ እንጃ።»

ጆሮው ደህና ነው። ያን ቀን ከሁሉም በፊት የሰማው እሱ ነበር።

እናቷ እየጠበቀቻት ስለነበር ብዙ አልቆየችም። ሞተሩ ከራቀ በኋላ ግቢው ጭር አለ፤ ካርሲዲም ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ሰበቡን ተቀማ፤ አሁን ምን ይበል?

ከስምንት ዓመት በፊት ልጁ ራትሚ አራስ ልጇን ታቅፋ እዚሁ ቆማ ነበር። የሕፃኗ ገላ በቁስል ተሸፍኗል፤ የሚያጥቧት ከቦዩ ዳር ካለው ጉድጓድ በሚቀዳ ውሃ ነው። «አባዬ፣ ይሄን ቀለም ቦዩ ውስጥ አይድፉብን» ብላ ለመነችው። እሱም በሰው ፊት «አንቺን ያሳደገሽ ይሄ ቦይ ነው፤ ካልተመቸሽ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ» አላት።

ራትሚም ወደ ሰማራንግ ከተማ ሄደች። ከዚያ ወዲያ በየኢዱ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ በር በሩን ሲያይ ይውላል። ልጅ ናት፤ መጥታ ይቅርታ መጠየቅ ያለባት እሷ ናት ይላል። በዳዩ ራሱ ሆኖ ይቅርታ ጠያቂ ይጠብቃል፤ ይሄ እንኳ ጠፍቶት አይደለም።

የራትሚን ስልክ ቁጥር እህቱ ከሰጠችው ሁለት ዓመት ሆኖታል። ስልኩን አወጣና ደወለ።

«ሄሎ?» አለ የትንሽ ልጅ ድምፅ። ይህን ድምፅ ሲያለቅስ ብቻ ነበር የሚያውቀው።

«እናትሽ አለች?»

«አለች። ማን ልበል?»

አያትሽ ነኝ ሊል ፈለገ። በምን አፉ!

«ካርሲዲ በያት።»

«እማዬ! ካርሲዲ የሚባል ሰውዬ ነው!»

ከወዲያ የሳህን ኳኳታና የሰዎች ሳቅ ይሰማ ነበር። ሳቁ ቆመ። ከዚያ ነጠላ ጫማ ወለሉን እየጎተተ፣ ቀስ እያለ፣ ወደ ስልኩ ቀረበ።

ካርሲዲ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ታናሽ ከተቀመጠበት ብድግ አለ።