በነጠላ ጫፍ የታሰረ መንጃ ፈቃድ

መኪኖች ራሳቸውን መንዳት ከጀመሩ ወዲህም ሕጉ ከመሪው ኋላ የሚቀመጥ ሰው መንጃ ፈቃድ ይኑረው ይላል። ኪሩቤል ግን በእድሩ ስብሰባ ሁሉ ይከራከር ነበር። «ፈቃድ ለሚነዳ ነው። እኔ ተሳፋሪ ነኝ!» ሚስቱ ህሊና ሥልጠና ልግባ ስትል እንኳ ሰው ፊት ስቆባታል።

ዛሬ የልጃቸው አማቶች ለቅልቅል ጠርተዋቸው ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ፣ ጣርማበር ላይ ጉሙ ጥቅጥቅ አለ። መኪናው ቆመና «መንገዱ አይታየኝም፤ መሪውን ይረከቡ» አለ። ኪሩቤል መሪውን ጨበጠ። ፍሬኑ የትኛው እንደሆነ ግን አላወቀም። ከኋላ የከባድ መኪና ጥሩምባ ጮኸ።

ህሊና የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ከቋጠሮው የወጣው መንጃ ፈቃድ ነበር፤ ካወጣችው ሦስት ዓመት ሆኗታል።

«እስቲ ተነሣ» አለችው ቀስ ብላ።

ቁልቁለቱን ራሷ እየነዳች አወረደችው። ጉሙ ሳስቶ የአማቶቹ ድንኳን ብቅ ሲል ግን መኪናውን ጥግ አስይዛ ወረደች።

«ና፣ ቦታህ ተቀመጥ። ሰው ሳያይህ።»

መኪናው ራሱን ነድቶ ድንኳኑ ጋ ሲያደርሳቸው አማቶቹ በእልልታ ወጡ። «አቶ ኪሩቤል፣ በዚያ ጉም እንዴት አድርገው አወረዱት? አይ ወንድ!»

ኪሩቤል መልስ ፍለጋ ወደ ሚስቱ ዞረ። ህሊና አንገቷን ደፍታ የነጠላዋን ጫፍ መልሳ እየቋጠረች ነበር።